ጣት እንዴት ይፈጥናል?



በአማራ ክልል በኦሮሚያ ዞን ባለችው በሰንበቴ ከተማ በሠርግ ወራት ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ሥራው ከባድ ነው። ዜማው አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ይሄዳል። ጨፋሪው ሲሞቀው ምቱ ይፈጥናል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቱን መሙላት የኪቦርዱ ድርሻ ነው። አገሩ ቆላ ነውና ሙቀቱም አለ። ሲመሽ የልጁ ክንድ ይደርቃል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ጣቶቹ ይተሳሰራሉ። አጠገቡ ያሉት "በርታ፣ ጠንከር በል!" ይሉታል። እሱም ጠንከር ይላል። በጠነከረ መጠን ግን ጣቱ ይዘገያል።

ፍጥነት ከጉልበት ይመጣል ብሎ የማያስብ ጀማሪ የለም። የመሣሪያውን ሆድ ከፍቶ ያየ፣ የገዛ እጁንም አሠራር ያጤነ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል፦ ፈጣን እጅ ማለት በጊዜው መልቀቅ የሚችል እጅ ነው። ይህን ለማየት ከጠረጴዛና ከሁለት እጅ በቀር ምንም አያስፈልግም፤ ኪቦርድ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው።

ከቁልፉ ሥር ያለው ነገር

የፒያኖ ቁልፍ ሲጫኑት የሚወርደው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለማውረድ የሚበቃው ክብደትም 50 ግራም አካባቢ ነው። ቁልፉ ሲወርድ በሌላው ጫፍ ያሉት የእንጨት ክፍሎች ተቀባብለው በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነች መዶሻ ወደ ክሩ ይወረውራሉ። መዶሻዋ እስከ ክሩ ድረስ ተገፍታ አትሄድም። ቁልፉ መጨረሻው ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከግፊቱ ትላቀቅና የቀረውን መንገድ በራሷ ፍጥነት ትሄዳለች፤ ክሩን መትታም ወዲያው ትመለሳለች። እንዲህ ባትላቀቅ ኖሮ ክሩ ላይ ተጣብቃ ድምፁን ታፍነው ነበር። ይህን መላ እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ያበጀው የፒያኖ ፈልሳፊ የሆነው የፍሎረንሱ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ደግሞ የሴባስቲያን ኤራር አዲስ አሠራር መጣ፤ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሳይመለስ ያንኑ ድምፅ ደግሞ መምታት ተቻለ። ዛሬ በትልልቅ ፒያኖዎች ላይ አንድን ኖታ እየደጋገሙ በፍጥነት መምታት የሚቻለው በዚሁ አሠራር ነው።

የኪቦርድ ነገር ይለያል፤ መዶሻም ክርም የለውም። ይሁን እንጂ ንክኪ በሚለይ ኪቦርድ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ብዙውን ጊዜ ሁለት መነካኪያዎች አሉ። ቁልፉ ሲወርድ አንደኛው ቀድሞ ይነካል፣ ሁለተኛው ይከተላል። ማሽኑ በሁለቱ መካከል ያለፈችውን ቅጽበት ለክቶ ሚዲ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች ቋንቋ ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይመዘግባታል። ቅጽበቷ ካጠረች ድምፁ ይጎላል፣ ከረዘመች ይለሰልሳል።

ከሁለቱም መሣሪያዎች የምንማረው አንድ ነው። የድምፁን ጉልህነት የሚወስነው ቁልፉ የወረደበት ፍጥነት ነው። መዶሻዋ ከተላቀቀች ወይም ሁለተኛው መነካኪያ ከነካ በኋላ የሚጨመር ግፊት ድምፁን ከፍም ዝቅም አያደርገውም። ቁልፉ ታች ከደረሰ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቢኖር ድምፁ እንዲቆይ ቁልፉ እንዳይነሣ መያዝ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የጣቱ የራሱ ክብደት ከጥቂት ድጋፍ ጋር ይበቃል። ጀማሪ የሚደክመው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ከወጣ በኋላ የቁልፉን ወለል እየተጫነ ይቆያል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ዜማው አይገባም።

ጣትን የሚያንቀሳቅሰው የት ነው?

የቀኝ ክንድዎን ከክርንዎ ዝቅ ብሎ በግራ እጅዎ ያዝ ያድርጉትና የቀኝ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ከግራ መዳፍዎ ሥር የሚላወስ ነገር ይሰማዎታል። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት እዚያ፣ በክርንና በእጅ አንጓ መካከል ነው። ከዚያ ተነሥተው ረጃጅም ጅማቶች በእጅ አንጓ በኩል አልፈው ጣቶቹ ድረስ ይሄዳሉ። መዳፍ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች እነዚህን ያግዛሉ። ስለዚህ የእጅ አንጓ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በጣም ከታጠፈ ጅማቶቹ በጠባብ መንገድ እየተፋተጉ ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል። አንጓው ቀጥ ብሎ ላላ ሲል መንገዱ ክፍት ነው።

አሁን መዳፍዎን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ከትንሿ ጣት ጀምሮ እስከ ሌባ ጣት ተራ በተራ ያንኳኩ። ያለ ችግር ይሄዳል። ቀጥሎ ክንድዎን ሆን ብለው አጠንክረው ያንኑ ይሞክሩ። ጣቶቹ ይጎተታሉ፣ ተራቸውም ይዛባል። ምክንያቱ እያንዳንዱ ጣት የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ተቃራኒ ጡንቻ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ሲሳብ ሌላው መላላት አለበት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተሳቡ ጉልበት ይወጣል እንጂ እንቅስቃሴ የለም። "እጄ ደረቀ" የሚባለው ይኸው የሁለት ጡንቻዎች ትግል ነው።

አንድ ሌላ ሙከራ። መሃል ጣትዎን ወደ ውስጥ አጥፈው የቀሩትን ጣቶች ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። አውራ ጣትዎን ያንሡ፣ ሌባ ጣትዎን ያንሡ፣ ትንሿን ያንሡ፤ ይነሣሉ። የቀለበት ጣትዎ ግን አልነሣም ይላል፣ ወይም ጥቂት ብቻ ብድግ ይላል። የዚህ ጣት መዘርጊያ ጅማት ከጎረቤቶቹ ጋር በማያያዣ የተሳሰረ ነው፤ መሃል ጣት ታጥፎ ሲያዝ እሱም አብሮ ይያዛል። ስለዚህ የቀለበት ጣትን ለብቻው ከፍ ከፍ እያደረጉ "ማጠንከር" ከተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው። የሚሻለው ከፍ እንዲል አለማስገደድ፣ ይልቁንም እጁ በሙሉ ወደዚያ ጣት ጥቂት ዘንበል ብሎ ክብደት እንዲያውሰው ማድረግ ነው። ሰው ሲራመድ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንደሚያሻግር፣ ጥሩ ተጫዋችም የክንዱን ክብደት ከጣት ወደ ጣት ያሻግራል።

ፍጥነት የጣቶች መደራረብ ነው

አንድን ጣት ብቻውን የቻለውን ያህል በፍጥነት ቢያንኳኩ በሴኮንድ ስድስት ጊዜ አካባቢ ላይ ይወሰናል። የፒያኖ ደራሲው ፍሬደሪክ ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1833 ያሳተመው የኦፐስ 10 የመጀመሪያው ኤቱድ (የልምምድ ድርሰት) ግን በተጻፈለት ፍጥነት ሲጫወት በሴኮንድ ወደ 12 ኖታ ይደርሳል። ይህ የሚቻለው ጣቶቹ ስለሚደራረቡ ነው፤ አንዱ ገና ሲመታ የሚቀጥለው ቁልፉ ላይ ደርሷል፣ ያለፈው እየተነሣ ነው። እያንዳንዱ ጣት የሚሠራው ለአፍታ ነው፤ ከዚያ ተራው እስኪደርስ ያርፋል። ፈጣን ተጫዋችን ጠጋ ብለው ቢያዩት ጣቶቹ ከቁልፉ ብዙ አይርቁም፤ እጁም የተረጋጋ ይመስላል። ብዙው ሥራ የሚታየው በማረፉ ነው።

ይህን ትምህርት የእኛው ክራር ከጥንት ጀምሮ ይዞታል። ክራር ሲገረፍ የቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ዝም ማለት ያለባቸውን ክሮች ነክተው ያፍናሉ። የሚፈለገው ድምፅ የሚወጣው ጣቱ ከክሩ ላይ ሲነሣ ነው። ክራር የሚገርፍ ሰው ስለዚህ ጣት እንዴት እንደሚለቀቅ ከመጀመሪያው ቀን ይለምዳል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም የጀመረው በክራር ነው፤ ከዚያ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በቡልጋሪያ ሶፊያ ፒያኖ ተምሮ የወሎውን አምባሰል በፒያኖ አስደምጦናል። ክራር ገርፎ ያደገ የሰንበቴ ወይም የከሚሴ ልጅ ኪቦርድ ሲይዝ ከባዶ እንደማይጀምር ማወቅ አለበት። መልቀቅን ያውቃል፤ የሚቀረው ወደ ቁልፉ ማምጣት ብቻ ነው።

ባቲን በጣት ቁጥር

ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው ባቲ የሚጠራው በዚሁ በኦሮሚያ ዞን ባለችው በባቲ ከተማ ስም ነው። ስለዚህ ልምምዱን ከራሱ ከአገሩ ቅኝት እንጀምር። በኪቦርዱ ላይ ከዶ ተነሥተው ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ የላይኛው ዶ ይምቱ። ሁሉም ነጭ ቁልፎች ናቸው፤ ሙዚቀኞች ባቲ ሜጀር የሚሉት ይህን ነው።

እዚህ ቅኝት ላይ ርቀቶቹ እኩል አይደሉም። ከዶ ወደ ሚ እና ከሶል ወደ ሲ ሰፊ ነው፤ ከሚ ወደ ፋ እና ከሲ ወደ ዶ በጣም ጠባብ ነው። እጅም እኩል አይደለም፤ በጣቶች መካከል ሰፊው ክፍተት ያለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነው። እንግዲህ ሰፊውን ርቀት ለሰፊው ክፍተት መስጠት ነው። በቀኝ እጅ ዶን በአውራ ጣት፣ ሚን በሌባ ጣት፣ ፋን በመሃል ጣት ይምቱ፤ አውራ ጣት በሥር አልፎ ሶልን፣ ሌባ ጣት ሲን፣ አውራ ጣት እንደገና ዶን ይመታል። በቁጥር 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2፣ 1 ነው። አውራ ጣት በሥር የሚያልፈው ከፋ ወደ ሶልና ከሲ ወደ ዶ፣ ማለትም ቁልፎቹ ጎን ለጎን በሆኑበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሩቅ አይሄድም፣ እጁንም አያጣምምም። ሲመለሱ ከሶል በኋላ መሃል ጣት በአውራ ጣት ላይ ተሻግሮ ፋን ይይዛል።

ግራ እጅ ላይ አውራ ጣት በቀኝ በኩል ስለሚውል ቦታው ይለወጣል፤ ሚንና ሲን ለአውራ ጣት ይስጡ። ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ ሲ በ1፣ ሶል በ2፣ ፋ በ3፣ ሚ በ1፣ ዶ በ2 ይሆናል። ሁለቱም እጆች የሚከተሉት ያንኑ ደንብ ነው፤ አውራ ጣት የሰፊው ርቀት ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።

ትዝታ ሜጀር ሌላ መላ ይፈልጋል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አምስት ድምፅ ነው፤ አምስት ጣት በአንድ አቀማመጥ ይደርስባቸዋል። ዝግ ብለው ሲጫወቱ አውራ ጣትን ወደሚቀጥለው ዶ በሥር ማሳለፍ ይቻላል። ሲፈጥኑ ግን ጊዜ የለም፤ ያኔ ክንዱ እጁን በሙሉ ወደ ጎን ተሸክሞ አውራ ጣትን በአዲሱ ዶ ላይ ያሳርፋል። የሚጓዘው ክንድ ነው፤ አውራ ጣት ተጣሞ አይጎተትም። በጣም ፈጣን ስኬል ሲጫወቱ አውራ ጣታቸው የሚያስቸግራቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ክንዱ ሊሠራው የሚገባውን ለአውራ ጣት ጥለውበት ነው።

ጥቁሮቹን ቁልፎች የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ለእኛ ቅኝቶች ግን ጥቁሮቹ በረከት ናቸው። ከፋ በስተቀኝ ካለው ጥቁር ቁልፍ ተነሥተው ጥቁሮቹን ብቻ ከተከተሉ ትዝታ ሜጀር ያገኛሉ። ከሚ በስተግራ ካለው ጥቁር ቁልፍ ከተነሡ ደግሞ ባቲ ማይነር ይወጣል። ጥቁሮቹ ከፍ ስለሚሉ ረጃጅሞቹ ጣቶች ይመቻቸዋል። ሾፓንም ተማሪዎቹን የሚያስጀምራቸው አውራ ጣትን ሚ ላይ፣ ሦስቱን ረጃጅም ጣቶች በሦስት ጥቁር ቁልፎች ላይ፣ ትንሿን ሲ ላይ አሳርፎ ነበር። በዚህ አቀማመጥ እጅ ሳይጨነቅ ክብ ቅርፁን ይይዛል።

አቀማመጥና ሞኒተር

ብዙ ድካም የሚመጣው ከጣት ሳይሆን ከመቀመጫ ነው። የኪቦርዱ ማቆሚያ በጣም ከፍ ካለ ትከሻ አብሮ ይነሣል፤ በጣም ዝቅ ካለ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ልኩ ክርንዎ በጎንዎ ተንጠልጥሎ ክንድዎ ከቁልፎቹ ጋር የተስተካከለ ሲሆን ነው። ወንበሩ አጭር ከሆነ ጋቢ አጥፎ መደረብ ነው። ቆመው የሚጫወቱ ከሆነ ማቆሚያው ላይ ያለውን ማስተካከያ ከሠርጉ በፊት ይሞክሩት፤ ከበሮው ከጀመረ በኋላ ጊዜ የለም።

ሌላው የተደበቀ ምክንያት ድምፅ ነው። ተጫዋቹ የራሱን ኪቦርድ ካልሰማ ሳያውቀው ይደበድበዋል። ድብደባው ወደ ሕዝቡ አይደርስም፤ የሕዝቡን ድምፅ የሚወስነው ሚክሰሩ ነውና። ስለዚህ ሞኒተሩን፣ ማለትም ለተጫዋቹ የሚያሰማውን ስፒከር፣ ወደ ራስዎ አዙረው የኪቦርዱን ድምፅ ከፍ ያስደርጉ። ጆሮ ሲጠግብ እጅ ይላላል።

እንዴት ይለማመዱ?

የመጀመሪያው ልምምድ "ሦስት መትቶ ማረፍ" ነው። ዶ፣ ሚ፣ ፋን በሚችሉት ፍጥነት ይምቱና ይቁሙ። እጅዎን ከቁልፉ ሳያነሡ ክንድዎን፣ አንጓዎንና ትከሻዎን ይፈትሹ፤ የተጨነቀውን ይልቀቁት። ሦስቱ ያለ ጭንቀት ሲሄዱ ሶልን ይጨምሩ፣ ከዚያ ሲን። እንዲህ ሲያደርጉ እጅ ፍጥነትንና መልቀቅን አብሮ ይማራል።

ሁለተኛው ምቱን መለዋወጥ ነው። አንዱን ኖታ ረጅም፣ ቀጣዩን አጭር አድርገው ሙሉ ቅኝቱን ይጫወቱ፤ ከዚያ ተራውን ይገልብጡ። በረጅሙ ላይ እጅ ያርፋል፣ አጭሩ ላይ ይወረወራል። እያንዳንዱ ጣት በተራው ሁለቱንም ይለማመዳል።

ሦስተኛው ዝግታ ነው። ዝግ ያለ ልምምድ የሚጠቅመው እንቅስቃሴው በፍጥነት ጊዜ ከሚኖረው ጋር ሲመሳሰል ነው። ዝግ ብለው ጣትዎን ሰማይ ድረስ እያነሡ ከተለማመዱ ፍጥነት ላይ የማይጠቅም ልማድ ያተርፋሉ። ጣትዎ ቁልፉ ላይ እንዳለ፣ ትንሽ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ይሁን።

አራተኛው ምት ቆጣሪው ሜትሮኖም ነው፤ በስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው በአንድ ምት አራት ኖታ ከመቱ በሴኮንድ አራት ኖታ ነው። እዚያው ላይ ትከሻዎ ዝቅ ካለና እስትንፋስዎ ካልተቋረጠ ወደ 64፣ ወደ 68 ይሂዱ። ጭንቀት በጀመረበት ቁጥር ላይ ግን አይግፉ፤ ሁለት ደረጃ ይመለሱ። 120 ሲደርሱ በሴኮንድ ስምንት ኖታ እየመቱ ነው፤ ለብዙ የሠርግ ዜማዎች ይበቃል።

መብራት ቢጠፋም ልምምድ አይቋረጥም። ድምፅ በሌለው ኪቦርድ ላይ ጣቶቹን ብቻ እያዩና እየዳሰሱ መጫወት፣ የት ላይ እንደሚጨናነቁ ለማወቅ ጥሩ ጊዜ ነው።

ስለ ጊዜው ርዝመት ሁለት ታላላቅ ሰዎቻችን ሁለት መንገድ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1923 የተወለዱት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ካይሮ ላይ በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ሲማሩ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ቫዮሊንና ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። በኋላ ወሎ ወዳለችው ግሸን ማርያም ሄደው ለአሥር ዓመታት ያህል ቆዩ፤ ከሙዚቃ ቢርቁም ጥበቡ ከእጃቸው አልጠፋም፤ ተመልሰው የተጫወቷቸው ዜማዎች ዛሬ በዓለም ይደመጣሉ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ሥራ ላለው ሰው የኃይሉ መንገድ የተሻለ ነው። በትኩረት የተደረገ ሃያ ደቂቃ፣ ዕረፍት፣ ከዚያ ሌላ ሃያ ደቂቃ፣ ጣት ደክሞም ከሚቀጥል ሁለት ሰዓት ይበልጣል።

ሕመም ሲመጣ

ድካምና ሕመም አንድ አይደሉም። ድካም ሲያርፉ ይሄዳል። አንጓ ላይ የሚወጋ ሕመም፣ የጣት መደንዘዝ፣ ወይም አንድ ጣት ሳይታዘዝ ወደ ውስጥ መታጠፍ ሲጀምር ግን ልምምዱ መቆም አለበት፤ ሐኪም ማየትም ያስፈልጋል። ሮበርት ሹማን በወጣትነቱ ቀኝ እጁ ተጎድቶ የፒያኒስትነቱን ጉዞ ተወ፤ ዓለም ያወቀው በድርሰቱ ነው። እጁን የማይጠብቅ ተጫዋች መሣሪያውን እንደማይጠብቅ ነው፤ ኪቦርድ ቢሰበር ይገዛል፣ እጅ ግን ምትክ የለውም።

አስተማሪም፣ ወላጅም፣ የባንድ መሪም ሊለውጠው የሚገባ አንድ ልማድ አለ። ልጁ ሲዘገይ "ጠንከር በል" ማለቱ ይቅርና "ትከሻህን አውርድ፣ ተንፍስ፣ የመታኸውን ልቀቀው" ይበሉት። የመጀመሪያው ምክር ሁለቱን ተቃራኒ ጡንቻዎች ያጣላል፤ ሁለተኛው መንገዱን ይከፍትላቸዋል። ነገ በሚደረገው ልምምድ ከባቲ ሦስት ኖታ ብቻ ይጀምሩ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፤ ይቁሙ፤ ይልቀቁ። ሦስቱ ሲቀሉ አራተኛውን ይጨምሩ።